ርካሽ አሮጌ መኪና ለዕለት ሥራ፦ የቱን ገዝቶ ምኑን ማደስ?

«ነዳጅ የማትበላ መኪና ፈልጉልኝ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ቪትዝ (ትንሿ ቶዮታ) ይላል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ያሰላ ግን ጥቂት ነው። እስኪ እናስላው። በቀን 30 ኪሎ ሜትር፣ በወር 26 ቀን የሚነዳ የቢሮ ሠራተኛ በወር 780 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ይዞታዋ ጥሩ የሆነ አሮጌ ቪትዝ በአዲስ አበባ መንገድ ለ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር፣ በወጉ የተስተካከለች ዲኤክስ (አሮጌዋ የቶዮታ ኮሮላ) ደግሞ 10 ሊትር ተኩል ትጠጣለች ብለን እንነሳ። ልዩነቱ በወር 27 ሊትር፣ በዓመት 328 ሊትር ገደማ ነው። ለሂሳብ እንዲመች ቤንዚኑን በሊትር 150 ብር ብንይዘው በዓመት 49 ሺህ ብር ይሆናል።

አሁን የሁለቱን መኪኖች የዕለቱን ዋጋ ከደላላ ይጠይቁና ልዩነቱን በ49 ሺህ ያካፍሉት። ልዩነቱ ግማሽ ሚሊዮን ብር ብቻ ቢሆን እንኳ ቪትዝ በነዳጅ ቁጠባ ራሷን ለመክፈል ከ10 ዓመት በላይ ይፈጅባታል።

ይህን ስል የቪትዝ ባለቤቶች አንድ ትክክለኛ መልስ አላቸው፦ ብሩ አልጠፋም፣ መኪናዋ ላይ ተቀምጧል፣ ስትሸጥ ይመለሳል። እውነት ነው። እዚህ አገር መኪና እንደ ቤትና እንደ መሬት የገንዘብ ማስቀመጫ ሆኖ ቆይቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው የወጣው ስለተሻሻለ አይደለም፤ ተተኪ ስለጠፋ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ በእጁ ያለና ማስቀመጫ የሚፈልግ ሰው ቪትዝ ቢገዛ አልከራከረውም። ዕቁብ ጥሎ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ ወይም የባንክ ወለድ እየከፈለ ለሚገዛ ሰው ግን ሂሳቡ ሌላ ነው። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ለእርሱ ነው።

አማራጮቹ

ዲኤክስ የምንላት አራተኛዋ የቶዮታ ኮሮላ ትውልድ ናት፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1979 የጀመረችው። (ከዚህ በታች የመኪና ሥሪት ዓመቶችን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ሊብሬውም እንደዚያ ስለሆነ።) አብዛኞቹ 4ኬ የሚባለውን 1,290 ሲሲ ሞተር የያዙ ናቸው። በካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር በሚቀላቅል ዕቃ) የሚሠራ፣ በቤልት ሳይሆን በሰንሰለት የሚዞር፣ ጉልበቱን ለኋላ እግር የሚሰጥ ሞተር ነው። ኮፋኖውን ሲከፍቱት በሞተሩና በላሜራው መካከል እጅ እስከ ክርን የሚገባበት ክፍተት አለ። ኮምፒውተር የለ፣ ሴንሰር የለ። ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ቢቆም የመንደሩ መካኒክ ያስነሳዋል። የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሄደው የማያገኙት ዕቃ የለውም ማለት ይቻላል።

ችግሩ ዕድሜው ነው። ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ላሜራ በስንት ስቱኮ (ከቀለም በታች በሚለጠፍ መሙያ) እንደተለበጠ የሚያውቀው የቀባው ሰው ብቻ ነው። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው በሮቹ ግርጌ፣ በኋላ ጎማ መሸፈኛዎች ዙሪያና በመስታወት ሥር ያስኪዱት፤ የማይዝበት ቦታ ሁሉ ስቱኮ ነው። ምንጣፉን ገልጠው ወለሉን ይመልከቱ። የበር ዝገት ይበየዳል፤ የፊት ሞላው የተደገፈበትን ቦታ የበላ ዝገት ግን ሌላ መኪና ፈልጉ ማለት ነው። ኤርባግ የሚባል ነገርም የለውም። ልጆች የሚያመላልስ ሰው ይህን ከነዳጁ በፊት ያስብበት።

የ1990ዎቹ ኮሮላዎች የኔ ምርጫ ናቸው፣ አልደብቅም። በ1991 የጀመረው ትውልድና በ1995 የተከተለው አንድ መሠረታዊ ለውጥ አላቸው፤ አብዛኞቹ ነዳጅ የሚረጩት በኢንጀክተር ነው። 1.3 ሊትሩ 4ኢ-ኤፍኢ እና 1.5 ሊትሩ 5ኤ-ኤፍኢ ለከተማ በቂ ጉልበት አላቸው፤ ይዞታቸው ጥሩ ከሆነ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ወይም 9 ሊትር ይበቃቸዋል። 1.6 ሊትሩ 4ኤ-ኤፍኢም ጥሩ ሞተር ነው፣ ትንሽ ይጨምራል። ሁሉም በታይሚንግ ቤልት (የቫልቮቹን ጊዜ በሚጠብቅ ቀበቶ) የሚሠሩ ናቸው። ቤልቱ በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ፣ ገዝተው ቤት እንደደረሱ ይቀይሩት። 4ኤ-ኤፍኢ ቤልቱ ቢበጠስ መንገድ ላይ ያቆማል እንጂ ቫልቩን ከፒስተን አያጋጭም፤ ይህ ግን ቤልቱን ለማዘግየት ምክንያት አይሆንም።

እነዚህ መኪኖች በዋጋ ከዲኤክስ ይወደዳሉ፣ ከቪትዝ ይረክሳሉ። መካኒክ ሁሉ ያውቃቸዋል። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፦ ብዙዎቹ ኢንጀክሽን «አስቸገረ» ተብሎ ሽቦው ተቆራርጦ፣ ሴንሰሩ ተነቅሎ፣ አንዳንዶቹም ጭራሽ ካርቡሬተር ተገጥሞላቸው ይገኛሉ። እንዲህ የተደረገን መኪና ወደ ቀድሞው መመለስ ከሚታሰበው በላይ ያስወጣል። ኮፋኖውን ሲከፍቱ የተቀጣጠለና በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ ብዛት ካዩ፣ ዋጋው ምንም ቢያጓጓ ይለፉት።

ቮልስና ላዳ ላይ ብዙ አልቆይም። ቮልስን የሚወድ ሰው ምክር አይሰማም፤ መስማትም የለበትም። ለኢኮኖሚ ብሎ ለሚገዛ ግን እውነቱ ይህ ነው፦ ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ የራዲያተር ጣጣ የለበትም፤ ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ ነገር ግን ወንፊት እንጂ የዘይት ፊልትሮ ስለሌለው ዘይቱ ቶሎ ቶሎ መቀየር አለበት፣ ቫልቩም በ5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መስተካከል ይፈልጋል። ይህን በእጁ ለሚሠራ ሰው ርካሽ ነው፤ ለጋራዥ እየከፈለ ለሚያሠራ አይደለም። ላዳ፣ ከፊያት 124 የተወለደው፣ ጠንካራ ነው፤ በታክሲነት ስንቱን ቤተሰብ እንዳሳደገ የከተማው ሰው ያውቃል። ነገር ግን ነዳጁም ክብደቱም ዛሬ ከዲኤክስ አያስመርጠውም፤ በነፃ ካልተሰጠዎት በስተቀር።

እዚሁ አገር ተገጣጥመው የተሸጡት ሊፋኖች በዋጋ ያጓጓሉ። የሊፋን 520 ባለ 1.3 ሞተር ከቶዮታ 8ኤ ሞተር የተቀዳ በመሆኑ ለሞተሩ መፍትሔ ይገኛል። የሚያስቸግረው ሌላው ዕቃ ነው፤ የበር እጀታ፣ መብራት፣ የመሪ ዕቃ። ከመግዛትዎ በፊት ሶማሌ ተራ ይውረዱና የሦስት ዕቃ ዋጋ ይጠይቁ። «የለም፣ ትእዛዝ ነው» የሚለው መልስ ከበዛ ይተውት።

ቪትዝ መቼ ያዋጣል? ብዙ ሲነዳ። ከላይ ያለውን ሂሳብ በቀን 100 ኪሎ ሜትር ለሚሠራ የሜትር ታክሲ ብንደግመው ልዩነቱ በወር 91 ሊትር፣ በዓመት ወደ 164 ሺህ ብር ይሆናል፤ ግማሽ ሚሊዮኑ በሦስት ዓመት ይመለሳል ማለት ነው። ከቢሾፍቱ ወይም ከሰበታ ተመላልሶ ለሚሠራም እንደዚያው። በ1999 የወጣችው የመጀመሪያዋ ቪትዝ 1.0 ሊትር ሞተር በሰንሰለት ስለሚሠራ የቤልት ወጪ የለበትም። ሰንሰለቱ ግን ዘይት ሲጓደል ይለጠጣል፤ ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ የሚያንኳኳ ድምፅ ካለ ባለቤቱ ዘይት ይረሳ ነበር ማለት ነው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አይመኑ፤ የፔዳሎቹን ጎማ፣ የመሪውን ቆዳና የሾፌሩን መቀመጫ ጎን ይመኑ።

ከፍታው ቤንዚን ይበላል

በውጭ አገር የተጻፉ የመኪና ምክሮች የማይነግሩን ነገር ይህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ሞተሩም ከጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ኢንጀክሽን ያለው መኪና ግፊቱን በሴንሰር ለክቶ ቤንዚኑን ይቀንሳል። ካርቡሬተር ግን አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ጃፓን ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር ሽሮ ሜዳ ላይ ሲሠራ ቤንዚን በዝቶበት ነው የሚሠራው።

ምልክቱን ለማየት ጥሩ መንገድ ሄደው እንደቆሙ ካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቃጥለውን) ያስፈቱ። ጫፉ ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል። ዘይት የነካው እርጥብ ጥቁር ከሆነ ግን ነገሩ የካርቡሬተር ሳይሆን የፒስተን ቀለበት ወይም የቫልቭ ጎማ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ዲኤክስ ለሚገዛ ሰው የመጀመሪያው የነዳጅ ወጪ ቅነሳ እንግዲህ ካርቡሬተሩ ነው። ብዙ ጋራዥ «ካርቡሬተር ማጠብ» ሲል በቤንዚን አጥቦ ሚኒሞውን (እግር ነዳጅ ሳይረግጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) በጆሮ ማስተካከል ማለቱ ነው። ይህ ሥራ ግማሽ ነው። የሚፈለገው ቤንዚኑ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ስንት ቁጥር እንደሆኑ ማየትና ለከፍታው በመጠኑ ጠበብ ያለ መግጠም፣ በውስጡ ያለውን ተንሳፋፊ ከፍታ መለካት፣ ጠዋት ለማስነሻ የሚዘጋው የአየር ክዳን ሞተሩ ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ማረጋገጥ ነው። ይህ ክዳን ግማሽ ተዘግቶ የቀረበት ስንት መኪና አለ! ካንዴላው የሚተኩስበትን ጊዜም በጥቂት ዲግሪ ማስቀደም በዚህ ከፍታ ይጠቅማል፤ ዳገት ላይ የማንኳኳት ድምፅ ከተሰማ ግን በዝቷል። ቀዳዳውን ከልክ በላይ ማጥበብም አደጋ አለው፦ ወደ አዋሽና ድሬዳዋ ቆላ ሲወርዱ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ቫልቭ ይቃጠላል።

ከማደስ በፊት መለካት

መጀመሪያ መኪናው አሁን ስንት እንደሚበላ ይወቁ። ታንኩን እስከ አፉ ይሙሉ፣ ኪሎ ሜትሩን ይጻፉ፣ እንደተለመደው ይንዱ፣ በዚያው ማደያ እንደገና እስከ አፉ ይሙሉ። የገባውን ሊትር በተነዳው ኪሎ ሜትር አካፍለው በ100 ያባዙ። አንድ ጊዜ ይሳሳታል፤ ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ግን ይታመናል። ቤንዚን በቴሌብር የሚከፍል ሰው የከፈለው ሁሉ ስልኩ ውስጥ ስለሚቀር መዝገብ ያዝ ብሎ የሚወተውተው አያስፈልገውም፤ የጎደለው ኪሎ ሜትሩን ብቻ መጻፍ ነው።

ከዚያ ጥገናው። እዚህ ላይ የማየው ትልቁ ስህተት ሰዎች ከሞተር መጀመራቸው ነው። ከሞተሩ በፊት ነዳጅ የሚሰርቁ ርካሽ ነገሮች አሉ።

አንደኛው ቴርሞስታት ነው። መኪና አንዴ ስለጋለ ብቻ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በየጋራዡ የተለመደ ነው። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚይዝ በር ነው፤ በቶዮታዎቹ 82 ዲግሪ አካባቢ ይከፈታል። ከተነቀለ በኋላ ሞተሩ፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ ብርድ፣ ሙቀቱ ላይ ሳይደርስ ቢሮ ይደርሳሉ። ኢንጀክሽን ያለው መኪና ኮምፒውተር ደግሞ ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። ቀዝቃዛ ሞተር ራሱንም ቶሎ ይበላል። የሙቀት መጠን መርፌዋ ረጅም መንገድ ተነድቶ እንኳ ከታች የማትነሳ ከሆነ መካኒኩን «ቴርሞስታት አለው ወይ?» ብለው ይጠይቁት። የመጋሉ መነሻ የተደፈነ ራዲያተር፣ የደከመ የውሃ ፓምፕ ወይም የተቃጠለ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው፤ እርሱ ይሠራ።

ሁለተኛው የሚይዝ ፍሬን ነው። መኪናውን በክሪክ አንስተው እያንዳንዱን ጎማ በእጅ ያዙሩ። በፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) ሆኖ ገፋ ሲያደርጉት ካልዞረ ፍሬኑ ይጎትታል፤ ወይም ኩሽኔታው ደርቋል። አሮጌ መኪና ላይ የእጅ ፍሬን ገመድ ዝጎ ሳይለቅ መቅረቱ በጣም የተለመደ ነው። ይህን ማሠራት ነዳጅም ሕይወትም ያተርፋል።

ሦስተኛው ጎማ ነው። ነፋሱን በበሩ ጎን በተለጠፈው ቁጥር ልክ፣ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ያስለኩ። ጎሚስታው በእግሩ መትቶ «ደህና ነው» ቢልዎት አይስሙት። የተጣመመ የፊት እግር ጎማውን በአንድ ጎን እየበላ መኪናውን ይጎትታል፤ አላይመንት ማሠራት ከአንድ ጎማ ዋጋ በብዙ ያነሰ ነው።

ፊልትሮና ካንዴላ የታወቁ ስለሆኑ አልቆይባቸውም። አንድ ነገር ብቻ፦ የአየር ፊልትሮን በኮምፕረሰር እያስነፉ መመለስ ሁለት ጊዜ ይበቃል፣ ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ይቀደዳል፣ የሲሚንቶና የኮብልስቶን አቧራም ወደ ሞተሩ ይገባል።

በኢንጀክሽኖቹ ኮሮላዎች ላይ ሁለት ሴንሰሮች ከሁሉ ይበልጥ ነዳጅ ያባክናሉ፤ የውሃ ሙቀት ሴንሰርና የኦክስጅን ሴንሰር። የመጀመሪያው ርካሽ ነው። ለማወቅ የግድ ኮምፒውተር የያዘ ባለሙያ አያስፈልግም፦ በእነዚህ ዓመታት ቶዮታዎች ኮፋኖ ሥር «ዲያግኖሲስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ጥቁር ሳጥን አለ። ቁልፉን ሳያስነሱ ከፍተው ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ሲያገናኙ የሞተር መብራቷ ትርግብ ትርግብ ትላለች። ሁለት ጊዜ፣ ትንሽ እረፍት፣ ከዚያ አንዴ ካበራች 21 ነው፤ የኦክስጅን ሴንሰር። ሁለት፣ እረፍት፣ ሁለት ካበራች 22፤ የውሃ ሙቀት ሴንሰር። ያለ እረፍት በእኩል ትርግብ ትርግብ ካለች ኮምፒውተሩ የመዘገበው ችግር የለም። መብራቷ ጭራሽ የማትበራ ከሆነ ግን ሻጩ አምፖሏን አውጥቷታል ማለት ነው፤ ምን እንደደበቀ ይጠይቁት።

ማግኔት ከነዳጅ ቱቦ ላይ ማሰር፣ ታንክ ውስጥ የሚጨመር ኪኒን፣ ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ ሲጋራ ማቀጣጠያ ላይ የሚሰካ መብራት፤ ለእነዚህ የሚወጣው ብር ቤንዚን ይገዛበት።

ቁልቁለት ላይ በፎሌ መልቀቅም ከዚህ ብዙ አይሻልም። ኢንጀክሽን ያለው መኪና ማርሽ ላይ እንዳለ እግርን ከነዳጅ ሲያነሱ ቤንዚኑን ጨርሶ ይዘጋል፤ በፎሌ ግን ሚኒሞውን ለመያዝ ይጠጣል። በካርቡሬተሮቹ ትንሽ ይተርፍ ይሆናል፣ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በፎሌ ሲወርዱ የሚግለው ፍሬን ግን ያን አያካክስም።

ሞተሩ ከደከመ፦ ማሠራት ወይስ መቀየር?

ሰማያዊ ጭስና ዘይት መጨመር ሲበዛ የመካኒኩ የመጀመሪያ ቃል «ሞተር ይውረድ» ነው። ከመውረዱ በፊት ኮምፕረሽን (በሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት) ያስለኩ። እዚህም ከፍታው ጣልቃ ይገባል። የአምራቹ መጽሐፍ 12 ወይም 13 ባር ሲል የባሕር ወለል ቁጥር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደህና ሞተርም 9 ወይም 10 ያሳያል። ይህን የማያውቅ መካኒክ በዚህ ቁጥር ብቻ ጤነኛ ሞተር ሊያወርድ ይችላል። የሚታየው የአራቱ ሲሊንደሮች ልዩነት ነው፦ ከአንድ ባር በታች ከሆነ ደህና ነው። አንዱ ብቻ ከወደቀ፣ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ። ቁጥሩ ከወጣ ችግሩ የፒስተን ቀለበት ነው፤ ካልወጣ ቫልቭ ነው። ቫልቭ ከሆነ ቴስታታው ብቻ ወርዶ ይሠራል፣ ወጪውም ከሙሉ ሥራው በጣም ያነሰ ነው። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ጥቂት ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣ ሞተርም ብዙ ጊዜ የሚፈልገው የቫልቭ ጎማ ብቻ ነው።

ሙሉ ሥራ የግድ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሞተሩን አስወርዶ፣ ሲሊንደሩን ሪክቲፋይ አስደርጎ (ውስጡን በማሽን አስፍቆ)፣ ፒስተን፣ ብሮንዚናና ጓርኒሲዮን ገዝቶ ማደስ ነው። ሌላው ከውጭ ያገለገለ ሞተር ገዝቶ መግጠም። ለ4ኬ ማደሱን እመርጣለሁ፤ ሞተሩ ቀላል ነው፣ ሠራተኛው ብዙ ነው፣ ያገለገለ ሆኖ የሚመጣውም 4ኬ ከእርስዎው እኩል አርጅቷል። ለኢንጀክሽኖቹ ግን ጥሩ ያገለገለ ሞተር ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ መታደሱ በሠራተኛው እጅ ጥራት ላይ ስለሚንጠለጠል። ሻጩ ሞተሩን ከነሽቦው፣ ከነኮምፒውተሩና ከነሴንሰሩ ካልሰጠዎት ግን ግማሽ ሞተር ነው የገዙት።

የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ የተጻፈ መሆኑን አይርሱ። ሞተር ሲቀየር የቀረጥ ወረቀትና የግዢ ደረሰኝ መያዝ፣ ለውጡንም በትራንስፖርት ቢሮ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ወረቀት የሌለው ርካሽ ሞተር በዓመታዊ ምርመራ፣ ወይም መኪናውን በሚሸጡበት ቀን ዋጋውን ያስከፍላል። መኪና በሚገዙበት ጊዜም ኮፋኖ ሥር ያለውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር በራስዎ ዓይን ከሊብሬው ጋር ያስተያዩ፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከቢሮው ሳያረጋግጡ ቀብድ አይስጡ።

ዕቃ፦ ምኑን አዲስ፣ ምኑን ያገለገለ?

ሶማሌ ተራ ላይ አንድ ዕቃ በሦስት ዋጋ ይቀርባል፦ ኦርጅናል፣ ያገለገለ ኦርጅናልና ኮፒ። ሻጩ የትኛው እንደሆነ ሁልጊዜ አይነግርም። ያገለገለ ኦርጅናል ከአዲስ ኮፒ የሚበልጥባቸው ብዙ ናቸው፤ ካምቢዮ፣ ሞተሪኖ፣ ዲናሞ፣ ካርቡሬተር፣ በር፣ መስታወት፣ መብራት። እነዚህን ያገለገለ ይግዙ፣ ሻጩ ፊትዎ ይሞክርልዎት፣ ካልሠራ እንደሚቀይርም ደረሰኝ ላይ ያስጽፉ።

ያገለገለ ፈጽሞ የማይገዛው ደግሞ የፍሬን ሸራና የፍሬን ላስቲኮች፣ ታይሚንግ ቤልት፣ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ የውሃና የነዳጅ ቱቦ ነው። ጎማም እዚህ ውስጥ ነው። «ገና ጥርሱ አላለቀም» የሚባል ያገለገለ ጎማ ይሸጣል፤ ጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው ቀጥሎ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ይመልከቱ። 2315 ካለ በ2015 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎማው ደርቋል፣ በክረምት ዝናብ አይዝም። አዲስ ብለው በሚሸጡልዎት ላይም ይህን ቁጥር ያንብቡ፤ መጋዘን ውስጥ ያረጀ አዲስ ጎማ አለ።

የወጪው ቅደም ተከተል ከዚህ ይወጣል። ለመኪና ካሰቡት ገንዘብ ሲሶውን ሳይነኩ ያስቀምጡ፤ 600 ሺህ ብር ያለው ሰው 400 ሺህ የሚሸጠውን ይፈልግ። በመጀመሪያው ሳምንት ፍሬን፣ ጎማ፣ የመሪ ቴስቲና፣ ዘይትና ፊልትሮ፤ ቤልት ያለው ከሆነ ቤልት። ቀጥሎ ቴርሞስታት፣ ራዲያተር፣ ካርቡሬተር ወይም ሴንሰር። ከዚያ ሦስት ታንክ ነድተው እንደገና ይለኩ። ዲኤክሷ ከ13 ወደ 10 ተኩል፣ ኮሮላው ከ11 ወደ 8 ተኩል ከወረደ ሞተሩን ማንም አያስነካዎት። ካልወረደ፣ አሁን ኮምፕረሽን ያስለኩ።

ቀለም፣ የመቀመጫ ልባስና ቴፕ ከሚቀጥለው ቦሎ በኋላ ይደረሳሉ። ቀለም ቀቢው ዘንድ ሲሄዱም መጀመሪያ ዝገቱ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድ ይበሉ፤ በስቱኮ ላይ ስቱኮ የሚለጥፍ ከሆነ ቁልፉን ተቀብለው ይውጡ።